ዳር ላይ አቁማት

ይህ ታሪክ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እውነት ነው። ውሸት ከሆነ ይቺ የምኖርባት ቀኝ ዓይኔ ትፍሰስ። በግራዋ አልምልም፤ ግራዋን ሥራ ላይ ስሆን ስለምጨፍናት ለመሐላ አትበቃም፣ በእሷ ብምል ማጭበርበር ይሆናል። የሚያውቁኝ ሰዎች «አንተ ደግሞ ወሬ ስትወድ!» እንደሚሉ አውቃለሁ። አልክድም። አንድ ሰርግ ላይ ፍላሼ ተበላሽቶ የሚዜውን መላጣ እንደ ፍላሽ ተጠቅሜ አርባ ሰው አነሳሁ ብዬ አውርቻለሁ። አንድ ሽማግሌ ሲስቁ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ተወርውሮ ካሜራዬን ነከሰው ብዬም አውርቻለሁ። እነዚያ ለጨዋታ ናቸው፤ ይህኛው ግን ሌላ ነው። ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ ስላቋረጥኩ ታሪክ በሥርዓቱ መጀመር አልተማርኩም። ስለዚህ በጆሮዬ ከሰማሁት እጀምራለሁ።

«ዳር ላይ አቁማት። በኋላ ትቆረጣለች።»

እንዲህ ያለኝ ኢንጂነሩ ነው። እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ፣ እናቱ ቤት ኮሪደር ላይ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ። ክፉ ሰው አይመስልም፤ ሽቶው ጥሩ ነው፣ ጫማው ፊት ያሳያል፣ ሲናገርም «ወንድሜ» ይላል። እናትየው ሰማንያ ዓመት ስለሞላቸው አማቾችና የልጅ ልጆች ተጨምረው ዐሥር ሰው ሆነው አንድ ትልቅ የቤተሰብ ፎቶ ሊነሱ ነው የጠሩኝ። አንዱ ሳሎን ይሰቀላል፣ የቀረው ተባዝቶ ለየቤታቸው ይታደላል። ትቆረጣለች የተባለችው ደግሞ ዐሥራ አንደኛዋ ናት፤ በዚያች ሰዓት ወጥ ቤት ሳህን ስታንቀጫቅል ትሰማለች። ትንሿ ይሏታል። ስልሳ ሊሞላት ሁለት ዓመት የቀራትን ሴት! «ከአባቴ የሩቅ ዘመዶች አንዷ ናት፣ እዚሁ ነው ያደገችው» አለኝ ኢንጂነሩ። «አሁን ግን እንዳትነግራት። ከእኛ ጋር የተነሳች ይምሰላት። ቅር እንዳይላት ብዬ ነው።» ተጨንቆላት ነው እንግዲህ።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ ሰዎች አንድ ነገር ልንገራችሁ። ብዙ ሰው በአንድ ላይ ስታነሱ ዳር ላይ የቆመውን ሰው ደህና አድርጋችሁ እዩት። እኔ ያቺን ቦታ የመቀስ ቦታ እላታለሁ። ገና ያልተወደደ እጮኛ፣ የተኮረፈ አማች፣ ሊባረር የታሰበ ሒሳብ ሹም፣ ሁሉም የሚቆሙት እዚያ ነው፤ ብዙዎቹም ምንም ሳያውቁ ጥርሳቸውን ገልጠው ይስቃሉ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ስንቱን ቆርጬ ጣልኩ! በመቀስም ቆርጫለሁ፣ በኮምፒውተርም ቆርጫለሁ። አንድ ጊዜ የአንድ ሰውዬን የፈታትን ሚስት ቆርጬ ስጨርስ እጇ ትከሻው ላይ ቀረ። እሱም አላየው፣ እኔም አላየሁት፤ ያየችው አዲሷ ሚስት ናት። ከዚያ ወዲያ ከመቁረጤ በፊት እጅ እቆጥራለሁ። ምክሬ ይኸው ነው፤ እጅ ቁጠሩ። ከዚያች እሑድ በኋላ ደግሞ የማክልበት አለኝ፤ ጭራሽ ባትቆርጡስ?

ሳሎኑ ሰፊ ነው። የሶፋው ላስቲክ ለዕለቱ ተገፎ በር ኋላ ተጠቅልሎ ቆሟል፤ ሶፋው ላይ የተቀመጡት ሰዎች ግን አሁንም ላስቲክ ላይ ያሉ ይመስል ጀርባቸውን ቀጥ አድርገዋል። ከቡፌው በላይ ግድግዳው ላይ በእርሳስ አራት ነጥብ ተደርጓል፤ ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ አንድ ሜትር። ኢንጂነሩ በውኃ ልክ ለክቶ ያደረገው ነው። ፎቶው ሳይነሳ ሚስማሩ ተመትቶ አልቋል። ስለ ፍሬሙ ዋጋ ሩብ ሰዓት ሙሉ ተወራ። ባንክ ቤት ሥራ አስኪያጅ የሆነችው እህትየዋ የእንጨቱ ዋጋ ከአልሙኒየሙ እጥፍ ገብቷል አለች፤ ኢንጂነሩ እንጨት ክብር አለው አለ፤ እሷ አልሙኒየምን ምስጥ አይበላውም አለች። የዚያ ቤት ጨዋታ እንዲህ ነው፤ ስለ ዋጋ ሲሆን ይሞቃል፣ ዋጋው ሲያልቅ ሁሉም አቀርቅሮ ስልኩን ያያል። እናትየው መሃል ላይ መደገፊያ ባለው ወንበር ተቀምጠዋል። ፀጉራቸው ተበጥሯል፣ ጥፍራቸው ተስተካክሏል። ማን እንዳበጠራቸው አልጠየቅኩም፤ ከሁለቱ ልጆች ማበጠሪያው የት እንደሚቀመጥ የሚያውቅ ያለ አልመሰለኝም። ሁሉም፣ እናትየውም ጭምር፣ ጥቁር ሰማያዊ ለብሰዋል። ቀለሙን የመረጠችው እህትየዋ ናት፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ለሁሉም በስልክ መልእክት ልካለች። እሷ ናት «ለሁሉም» ያለችው፣ እኔ አይደለሁም።

«ወንድሜ፣ እዚያ ካሜራ ላይ ሆድ የሚቀንስ ቁልፍ የለህም?» አለ ኢንጂነሩ ቀበቶውን ሳብ እያደረገ።

«አለኝ፤ ግን እሱን ስጫን ፀጉርም አብሮ ይቀንሳል» አልኩት። የልጅ ልጆቹ ሳቁ፤ እሱ እጁን ወደ አናቱ ሰደደ።

መብራቴን ተክዬ ስጨርስ ውኃ እጠጣለሁ ብዬ ወጥ ቤት ገባሁ። ይህም ሌላ ምክር ነው፤ ቤተሰብ ከማንሳታችሁ በፊት ወጥ ቤቱን እዩ፣ ሳሎኑ የደበቀውን እሱ ያሳያችኋል። ጠባብ ነው። አንዲት በርጩማ፣ ግድግዳው ላይ በመጠናቸው የተሰለፉ ጭልፋዎች፣ መስኮቱ ጫፍ ላይ የቀን መቁጠሪያና የእናትየው የመድኃኒት ሣጥን፣ በየቀኑ ተከፋፍሎ። ትንሿ ሽርጧን አውልቃ ምስማር ላይ ሰቅላለች። የለበሰችው ቀሚስ ቢጫ ነው፣ የበሰለ ሎሚ የመሰለ ቢጫ። ሣጥን ውስጥ ታጥፎ የኖረበት መስመር ደረቱ ላይ ይታያል።

«አንተ ፎቶ አንሺ፣ ቢጫ ለፎቶ ክፉ ነው እንዴ?» አለችኝ ብርጭቆ እያለቀለቀችልኝ።

«ማን አለዎት እትዬ?»

«እርስዎ አልከኝ? እዚህ ቤት እርስዎ የሚባሉት እማማ ብቻ ናቸው፤ ሰምተው እንዳያባርሩህ!» ሳቀች። «ማንም አላለኝም። ሁሉም ሰማያዊ ለብሰው ሲገቡ ነው ያየሁት። መልእክት ተልኮ ነበር አሉ። እኔ ያለኝ የቤቱ ስልክ ነው፤ እሱ ደግሞ ከመጮህ በቀር ሌላ አያውቅም።»

«እዚህ ቤት ስንት ዓመትዎ ነው?»

«ዘጠኝ ዓመቴ ነበር አባታችን ሲያመጣኝ...» ብላ ቆመች። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስታ አየችው። ምንም አልነበረበትም። «አባታቸው» አለች። «አባታቸው ሲያመጡኝ።»

ውኃውን ጠጣሁ። ቆይቼ፣ ከእርስዎና ከኢንጂነሩ በዕድሜ ማን ይበልጣል ብዬ ጠየቅኳት።

«እኔ ነኛ! በሦስት ዓመት። አዝዬው ነው ያደገው። አሁን ቢሆን ወገቤም አይችለው!» አለችና ሻሿን ከጆሮዋ ኋላ ሸጎጠች። ከዚያ ድምፅዋ ሳይለወጥ፣ «ዳር ነው አይደል የምታቆመኝ?» አለች።

እኔ ወሬ አያልቅብኝም የምለው ሰውዬ ብርጭቆው ውስጥ አየሁ።

«ግድ የለም፣ ዳር ለበሩ ይቀርባል» አለች። «ግን ታውቃለህ፣ አርባ ዘጠኝ ዓመት ስኖር እዚህ ቤት አንድ ፎቶ የለኝም። የመታወቂያዬን ካልቆጠርነው። እሷም ላይ ሰርቄ የተያዝኩ ነው የምመስለው። ዛሬ እንኳ ተነስቼ ቢሰቀል፣ እኔም ሳልፍ ሳገድም ባየው ብዬ ነበር።»

ከወጥ ቤት ስወጣ ቡፌው ላይ የሟች አባትየውን ፎቶ አየሁ። አሁን የምነግራችሁን የሥራ ምሥጢር ማንም በነፃ አይነግራችሁም። ፊት በዱቄት ይሸፈናል፣ አፍንጫ በጥላ ያጥራል፣ ቁመት በጫማ ይረዝማል፤ ጆሮ ግን እንደተፈጠረ ይቀመጣል። ሠላሳ አንድ ዓመት ቤተሰብ ሳነሳ ማን የማን እንደሆነ የማውቀው በጆሮ ነው። የአባትየው ጆሮ ጫፉ ላይ እንደ ኮት ኮሌታ ወደ ፊት ይታጠፋል። የኢንጂነሩም እንደዚያው ይታጠፋል። የእህትየዋ ለስላሳ ነው፣ የእናትዋን ወስዳለች። ቅድም ትንሿ ሻሿን ስትሸጉጥ ብቅ ያለው ጆሮ ደግሞ ከነኮሌታው ነበር። የሩቅ ዘመድ ጆሮ እንዲህ ቅርብ አይሆንም። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ያስቸገራቸው ቢጫው ቀሚስ አይደለም። ሁለቱ ጎን ለጎን አንድ ሜትር ተኩል ሆነው ሳሎን ቢሰቀሉ፣ እንግዳ ሁሉ ሻይ እየጠጣ ጆሮ ሊያመሳስል ነው።

ቤተሰብ ስደረድር መጀመሪያ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። ታላቅ የሚቀመጠው ከእናት በስተቀኝ ነው፤ የቀረው ከዚያ ተነስቶ ይሰለፋል። ስለዚህ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ታላቅ ማን ነው?» አልኩ።

«እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን አለ?» አለ ኢንጂነሩ፣ ወንበሩን እየሳበ።

እናትየውን አየኋቸው። ጥፍራቸውን ያያሉ። እህትየዋ የባሏን ኮሌታ ታስተካክላለች። ትንሿ መጥታ ሳትጠየቅ ዳር ቆመች፣ ከመጨረሻው የልጅ ልጅ ቀጥሎ፣ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብላ። መቀስ እንዲያልፍ ራሷ ቦታ የተወች ነው የምትመስለው። እኔ ደግሞ እልህ ሲይዘኝ የማደርገውን አላውቅም። ካሜራዬን አየሁ፣ ራሴን ነቀነቅኩ፣ ከንፈሬን መጠጥኩ።

«ችግር አለ» አልኩ። «ጥቁር ሰማያዊው ከግድግዳው ጋር ተመሳጥሯል። ሌንሱ ሊለያችሁ አልቻለም። አሁን የምትታዩት እንደ አንድ ትልቅ ሶፋ ነው።»

እህትየዋ ደነገጠች። «ምን ይሻላል ታዲያ?»

«መሃል ላይ ደማቅ ነገር ይፈልጋል። ሌንሱ መጀመሪያ እሱን ይይዛል፣ ከዚያ እናንተን እየተከተለ ይለያችኋል። የድሮ ሌንስ ነው፤ ካልተመቸው ይተኛል።»

ሌንስ ሲተኛ አይቼ አላውቅም። ኢንጂነሩ ግን አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው፣ «ኮንትራስት ነው የሚለው» ብሎ ለእህቱ አብራራልኝ። የተማረ ሰው ማታለል ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው፤ ግማሹን ሥራ ራሱ ይጨርስላችኋል። የአበባ ማስቀመጫው ይምጣ አለ። ዕቃ አይሆንም፣ የሚተነፍስ ነገር ነው የሚፈልገው አልኩት። ዐሥር ሰው አንድ ላይ ዞሮ ቢጫውን ቀሚስ አየ።

«እትዬ፣ ይምጡ። እዚህ ጋ፣ ከእማማ በስተቀኝ። ኢንጂነር፣ አንተ ከእትዬ ቀጥል። ለሙከራ ነው» አልኩ። መጣች። ወንበሩ ጫፍ ላይ፣ ልትነሳ እንደተዘጋጀ ሰው ተቀመጠች። «ሻሽዎን ትንሽ ወደ ኋላ... ትንሽ... እንዲያ!» ኢንጂነሩን ወደ ግራ ዞር በል አልኩት፣ እሷን ወደ ቀኝ። ሰውን ሳቅ በሉ አትበሉ፤ ሳቅ ሲባል ጥርሱን ለሐኪም እንደሚያሳይ ሰው ይሆናል። «እንዳትስቁ» በሉት። እንዳትስቁ አልኩ። የልጅ ልጆቹ ፈነዱ፣ አማቾቹ ተከተሉ፣ አነሳሁ።

እህትየዋ እንየው ብላ መጣች። ካሜራው ጀርባ ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት ፎቶውን አሳየኋት። በጣቷ አሰፋችው። እናትዋን አየች፣ ቀሚሷን አየች፣ ከዚያ ሁለቱ ጎን ለጎን ያሉት ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ተመልሳ ቦታዋ ቆመች። ኢንጂነሩ የእህቱን ፊት አይቶ ተነሳና መጣ። አየ። እጁ ሳያውቀው ወደ ጆሮው ሄዶ ተመለሰ።

«በቃ፣ ሙከራው አልቋል» አለ፣ ትንሿ ፊት ሄዶ ቆሞ። «ትንሿ፣ ተነሺ። እዚህ የሚቀመጠው ታላቅ ነው።»

ልትነሳ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እግሯ መነሳት የለመደ እግር ነው፤ ጠዋት ሙሉ ስም በተጠራ ቁጥር ሲነሳ ነበር። እሷ ግን ከወንበሩ ጫፍ ወደ ኋላ ገባች፣ ጀርባዋን መደገፊያው ላይ አስደግፋ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አኖረች።

«አልነሳም።»

«ምን አልሽ?»

«አልነሳም አልኩህ። ታላቅ እኔ ነኝ።»

የኢንጂነሩ ሚስት የልጇን ጃኬት መቆለፍ ጀመረች፤ የተቆለፈውን ፈትታ እንደገና ቆለፈች።

«አባታችን ሲያመጣኝ አንተ ስድስት ዓመትህ ነበር» አለች ትንሿ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ይህን ጊዜ ግን አላረመችም። «ያን ቀን እኔ አልጋ ላይ ነው የተኛኸው። ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እኔም እንደምታውቁ አውቃለሁ። ዳር ቁሚ ስባል ቆሜያለሁ። ዛሬ እግሬን አሞኛል።»

«እማዬ፣ አንድ ነገር ይበሏት እንጂ!» አለ ኢንጂነሩ።

እናትየው ጥፍራቸውን አዩ። አዩ፣ አዩ፣ ጨረሱት። ከዚያ ቀና ብለው ልጃቸውን ከጫማው እስከ አናቱ ተመለከቱት።

«ልጄ፣ መብራቱን ከለልክብኝ» አሉ። «ወይ ተቀመጥ፣ ወይ ዞር በል።»

ምን ማለታቸው እንደነበር አላውቅም። አርባ ዘጠኝ ዓመት ዝም ያሉ ሴትዮ በአንድ ጠዋት መልአክ አይሆኑም፤ ምናልባት የእውነት መብራቱ ተከልሎባቸው ይሆናል። እሱ ግን ተቀመጠ። ከእሷ ቀጥሎ። እኔም ማንም ሳያስተካክል፣ ማንም ሳይስቅ፣ አነሳሁ። እዚያ ፎቶ ላይ ዐሥር ሰው እሷን ያያል። ካሜራውን የምታየው እሷ ብቻ ናት፤ «ምን ትጠብቃለህ፣ አንሳ እንጂ!» የምትል ትመስላለች።

ዕቃዬን ሸክፌ ልወጣ ስል ኢንጂነሩ በረንዳ ላይ ጠበቀኝ። «ወንድሜ» አለኝ፣ አሁን እጁን ትከሻዬ ላይ አላደረገም። «ያቺን ሴትዮ አጥፋልኝ። መሃል ብትሆንም ይቻላል፣ ዛሬ በስልክም ሰው ይጠፋል። ቦታዋ ላይ የአበባ ማስቀመጫውን አስገባበት።» እኔም ቦርሳዬን መሬት አስቀምጬ፣ ደረቴን ነፍቼ እንዲህ አልኩት፦ «ስማኝ! ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ስቆርጥ ኖሬአለሁ፤ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። ይቺን ግን አልቆርጥም። ኮምፒውተሩን ከፈለግህ ውሰድ፣ ካሜራውንም ውሰድ፣ እጄ ግን የእኔ ነው። አንተ የፈለግኸው ፎቶ አይደለም፣ ምስክር የሌለበት ግድግዳ ነው። ለእሱ ደግሞ ቀለም ቀቢ ጥራ እንጂ ፎቶ አንሺ አትጥራ!» ድምፄ እንደ ነጎድጓድ ነበር። ጎረቤት መስኮት ከፈተ፣ የጎረቤቱ ውሻ በአክብሮት ተቀመጠ።

በዚያው ቀን ዐሥር ሰዓት ላይ እህትየዋ ብቻዋን ሱቄ መጣች። ጥቁር ሰማያዊውን ቀይራለች። የሳቁበትን አሳየኋት፣ እሱን አይደለም አለች። ሁሉም ወደ ትንሿ የዞሩበትን ከፈትኩላት። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ትኩስ ቡና በርዶ ለመጠጣት እስኪደርስ ድረስ አየችው።

«ይሄ ነው» አለች። «በትልቁ አትመው። ምንም አትንካ።»

«ኢንጂነሩስ?»

«እሱ ፍሬሙ ላይ ይከራከር» አለች። ከዚያ በሩ ጋ ደርሳ ቆመች። «አንድ ደግሞ በትንሹ አትምልኝ፣ በእጅ የሚያዝ። ለእህቴ።» የሄደችው መልሴን ሳትጠብቅ ነው።

አሁን አንድ ነገር ላርም። ያ የበረንዳው ንግግር የለም። የጻፍኩት ከሦስት ቀን በኋላ ሱቄ ቁጭ ብዬ ነው፤ ውሻውንም ለማሳመሪያ ጨመርኩት። የእውነቱ፣ ኢንጂነሩ አጥፋልኝ ሲለኝ ያልኩት «ባትሪው አልቋል» ብቻ ነው። ባትሪው ሙሉ ነበር። ቦርሳዬን ታቅፌ ሹልክ ብዬ ወጣሁ። አላጠፋሁም፣ ግን ደረትም አልነፋሁም። «አልነሳም፣ ታላቅ እኔ ነኝ» ያለችው ግን እሷ ናት፣ ዐሥር ሰው ፊት፣ ቁጭ ብላ። እዚያ ላይ አንዲት ፊደል አልጨመርኩም።